ጋዙ መንገዱን ሲስት

ቢቸና አካባቢ በአንድ ሰርግ ላይ ነው። የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ሙሽራው ሙሽሪትን ይዞ ሲገባ እንደ አገሩ ደንብ ተኩስ ተተኮሰ። ከተኳሾቹ አንዱ የአባቴ የቅርብ ዘመድ ነው። ሁለት ጊዜ ተኮሰ። በሦስተኛው ድምፁ ተለየ። እሳቱ በአፈሙዙ ሳይሆን በጎን ወጣ። ሰውየው ጠመንጃውን ጥሎ ግራ እጁን በጋቢው ሸፈነ። ጋቢው ወዲያው ደም ለበሰ።

ሁለት ጣቶቹ እስከ ዛሬ አይታጠፉም።

ያን ዕለት ሰው ሁሉ «ዓይን ነው» አለ። «አዲስ ጠመንጃ ይዞ መጣ፣ ሰው አየበት» ተባለ። ጠመንጃው ግን አዲስ አልነበረም። ከዚህም ከዚያም በተገኘ ዕቃ እቤት የተገጣጠመ ነው። ከቱቦው በላይ የምትቀመጥ አንዲት ብረት በብየዳ ተይዛ ነበር። ተገንጥላ የበረረችው እሷ ነች። ሣር ውስጥ ፈልገን ያገኘናት እኛ ልጆቹ ነን። ስናነሳት ገና ሞቅ ትል ነበር።

ዛሬ ደብረ ማርቆስ ውስጥ የወፍጮ ሞተር እጠግናለሁ። ብረት የምልግበት ቶርኖ አለኝ፣ ብየዳም አለኝ። አልፎ አልፎ አንድ ወጣት ይመጣል። በፎጣ የጠቀለለውን ነገር ጠረጴዛዬ ላይ ያስቀምጣል። «ጋሼ፣ ይቺን ብቻ አጥብቅልኝ» ይለኛል። ይቺ የሚላት ያችው የሰርጉ ዕለት የበረረችው ዓይነት ብረት ነች። እምቢ እላለሁ። እሱም ይናደዳል። «ሁለት ብሎን እኮ ነው፣ ምን ያካብዳል?» ይለኛል። ያኔ ወንበር ስቤ አስቀምጠውና አስረዳዋለሁ። እዚህ የምጽፈው ለእሱ የምነግረውን ነው።

ከጥይት እንጀምር። ጥይት አንድ ዕቃ ይመስለናል እንጂ አራት ነው። ቀለህ አለ፤ እሱ ዕቃ መያዣው ነው። ውስጡ ባሩድ አለ። አፉ ላይ እርሳሱ ተሰክቷል፤ የሚሄደው እሱ ብቻ ነው። ቂጡ ላይ ደግሞ ስትመታ እሳት የምትሰጥ ትንሽ ካፕሱል አለች። ምላጩ ሲሳብ መርፌው ካፕሱሏን ይመታል። ካፕሱሏ ባሩዱን ትለኩሳለች።

ከዚህ በኋላ ያለው ነገር ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። ባሩድ ይቃጠላል እንጂ እንደ ደማሚት አይፈነዳም። ግን በጣም ቶሎ ይነዳል። ሲነድ ደግሞ ወደ ጋዝ ይለወጣል። የክላሽ ጥይት ውስጥ ያለው ባሩድ 1.6 ግራም ገደማ ነው፤ የሻይ ማንኪያ አይሞላም። ያ ቁንጣሪ ነገር ከ2,000 ዲግሪ በላይ የሚሞቅ ጋዝ ሆኖ መውጫ ይፈልጋል። ቀለሁ ውስጥ ቦታ የለውም። ስለዚህ ይገፋል።

ምን ያህል ይገፋል? የመኪና ጎማ ውስጥ ያለው ግፊት ውጭ ካለው አየር ሁለት ወይም ሦስት እጥፍ ቢሆን ነው። እኔ የምጠግነው የድሮ የወፍጮ ሞተር፣ ሲሊንደሩ ውስጥ ናፍጣ ሲነድ፣ ብዙውን ጊዜ ከ100 እጥፍ በታች ነው። የክላሽ ጥይት ግን እስከ 3,500 እጥፍ ድረስ ይሄዳል። የቀለሁ ቂጥ ከአንድ ብር ሳንቲም ያንሳል። በዚያች ጠባብ ቦታ ላይ የሚያርፈው ኃይል ከ20 ኩንታል ክብደት ይበልጣል። 20 ኩንታል ጤፍ በአንድ ጥፍር ላይ ተጭኖ አስቡት። እሱም ከተኳሹ ጉንጭ ብዙ በማይርቅ ቦታ ላይ። ይህ ሁሉ ሆኖ የሚያልቀው ደግሞ በሰከንድ አንድ ሺኛ ገደማ ነው። ዓይን ሳይጨፈን አልቋል።

ጠመንጃ ማለት እንግዲህ ይህን ጋዝ ባሰብነው በር ብቻ እንዲወጣ የሚያስገድድ ብረት ነው። ሌላው ሁሉ፣ ሰደፉም ማንገቻውም፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው።

በአያቶቻችን ጠመንጃ ጋዙ አንድ በር ብቻ ነበረው። ውጅግራን እናስታውስ። ስሙ ራሱ ከፈረንሳይኛው «ፉዚ ግራ» የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1874 የወጣ የፈረንሳይ ጠመንጃ ነው። አንድ ጥይት ይጎርሳል፣ ይተኮሳል፣ በእጅ ይከፈታል፣ ሌላ ይጎርሳል። የሚተኩሰው ጥቁር ባሩድ ነበር። ጥቁር ባሩድ ሲነድ ግማሽ ያህሉ ብቻ ጋዝ ይሆናል። የቀረው ጥላሸትና ጭስ ነው። የጥንት የጦር ሜዳ ታሪክ ስናነብ «ጭሱ ሜዳውን ሸፈነው» የሚባለው ለዚህ ነው። ፖል ቪዬይ የሚባል ፈረንሳዊ ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1884 ጭስ የማያበዛውን ባሩድ ሠራ። ይኼኛው ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ ጋዝ ይሆናል። ግፊቱ ጨመረ፣ ጥይቱ ቀጠነ፣ ፍጥነቱ አደገ። ብረቱም በዚያው ልክ መጠንከር ነበረበት።

አያቴ ቤት ኩላብ ላይ ተሰቅሎ የኖረ አንድ ምንሽር ነበር። በእጅ ነው የሚቀባበለው። ጋዙ እርሳሱን ተከትሎ በአፈሙዙ ወጥቶ ይሄዳል፤ ሌላ ሥራ የለውም። ሰውየው ቀለሁን በእጁ ያወጣል። በዚያ ጠመንጃ ላይ የሰርጉ ዓይነት አደጋ ሊደርስ አይችልም፣ ምክንያቱም የምትበር ብረት የለውም።

ሁለተኛው በር የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1889 ጆን ብራውኒንግ የሚባል አሜሪካዊ ጠመንጃ ሠሪ አንድ ነገር አስተዋለ። ሰው በተኮሰ ቁጥር ከአፈሙዙ ፊት ያለው ሣር ይተኛል። እርሳሱ ሣሩን አልነካውም። ሣሩን ያስተኛው ጋዙ ነው። «ይህ ሁሉ ጉልበት በከንቱ እየሄደ ነው፤ ለምን ጠመንጃውን ራሱን አያጎርስልኝም?» ብሎ አሰበ። አገራችን ውስጥ ሣር ላይ ተኝቶ የተኮሰ ስንቱ ይሆን! ሁሉም አይቶታል፣ እሱ ግን ጠየቀ። ከዚያ ሐሳብ ተነስቶ በጋዝ የሚሠራ መትረየስ ሠራ።

የዛሬው ክላሽ የዚያ ሐሳብ ልጅ ነው። ሚካኤል ካላሽኒኮቭ እ.ኤ.አ. በ1947 ንድፉን አወጣ፤ በ1949 የሶቪየት ጦር ተቀበለው። አሠራሩን ወፍጮ ቤት የሚያውቅ ሰው ወዲያው ይገባዋል። ከቱቦው ላይ፣ ከመሐል አልፎ ወደ አፈሙዙ በሚጠጋ ቦታ፣ ትንሽ ቀዳዳ አለች። እርሳሱ ቀዳዳዋን አልፎ ሲሄድ ከኋላው ካለው ጋዝ ጥቂቱ በቀዳዳዋ ይሾልካል። እዚያ አንዲት ብረት ትቀበለዋለች። በየሰፈሩ ልዩ ልዩ ስም ይሰጧታል፤ እኔ ሥራዋን አይቼ ጋዝ መቀበያ እላታለሁ። መቀበያዋ ጋዙን ወደ ኋላ ታዞረዋለች። ኋላ ፒስተን አለ። ፒስተኑ ይገፋል፣ ጥይቱን ከኋላ የሚዘጋው መቆለፊያ ይከፈታል፣ ባዶው ቀለህ ተስፈንጥሮ ይወጣል፣ ሞላው ይመልሰዋል፣ አዲስ ጥይት ይጎርሳል። ልክ እንደ ወፍጮ ሞተር ፒስተን ነው። ልዩነቱ የወፍጮው ፒስተን ድንጋይ ያዞራል፣ ይኼኛው ጥይት ያጎርሳል።

አሁን ወደዚያች ብረት እንመለስ። ወጣቶቹ «ሁለት ብሎን» የሚሉት ስለ እሷ ነው።

ጋዝ መቀበያ ሁለት ነገር ትጠየቃለች። አንደኛ፣ የእሷ ቀዳዳ ከቱቦው ቀዳዳ ጋር ገጥሞ መቀመጥ አለበት። ትንሽ ወደ ጎን ብትዞር ወይም በጥቂቱ ብትንሸራተት የቱቦው ቀዳዳ በግማሽ ይከደናል። ያኔ ፒስተኑን የሚደርሰው ጋዝ ያንሳል። ቀለሁ ወጥቶ ሳያበቃ መሐል ላይ ይያዛል። ጠመንጃው ጥይት ጎርሶ፣ መቆለፊያው በቅጡ ሳይዘጋ፣ ሰው እጅ ውስጥ ይቆማል። ሰው ሊጎዳ የሚችለው በዚህ ሰዓት ነው፤ «ለምን እምቢ አለ?» ብሎ አፈሙዙን ወደ ሰው አዙሮ ሲነካካ።

ሁለተኛው የባሰ ነው። ጋዙ ፒስተኑን ወደ ኋላ ሲገፋ፣ መቀበያዋን ደግሞ በዚያው ኃይል ወደ ፊት ይገፋታል። ከጀልባ ወደ ደረቅ መሬት የዘለለ ሰው ያውቀዋል። እሱ ወደ መሬት ሲሄድ ጀልባዋ ወደ ውኃው ትሸሻለች። መቀበያዋም በእያንዳንዱ ተኩስ ወደ ፊት መሸሽ ትፈልጋለች። ክላሽ ሳያቋርጥ ሲተኩስ በደቂቃ 600 ያህል ምት አለው። በየምቱ ትመታለች፣ ትናጣለች። በዚያ ላይ ሙቀት አለ። ቱቦው ሲሞቅ ያብጣል፣ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል። ብሎን እንዲህ ባለ ቦታ ላይ ምን እንደሚሆን ሞተር የነካ ሰው ሁሉ ያውቃል። ይላላል። እኔ ቴስታታ፣ ማለትም የሞተሩን የላይ ክዳን፣ ስገጥም ብሎኑን በልኩ አጥብቄ፣ ሞተሩ ሠርቶ ከሞቀ በኋላ ተመልሼ አያለሁ። ካላየሁት በመሐል ያለው ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑ፣ ይቃጠላል፣ ጋዝ ያፈሳል። የወፍጮ ሞተር ሲያፈስ ያንሾካሹካል፣ ጉልበቱ ይቀንሳል፣ ባለ ወፍጮው ይጠራኛል። ጠመንጃ ሲያፈስ የተኳሹ ግራ እጅ እዚያው ላይ ነው ያለው።

ስለዚህ የክላሽ ፋብሪካ ይህችን ብረት ለብሎን አይተዋትም። ክላሽ ላይ ቱቦው ላይ በኃይል ተጨንቃ ትገባለች። ከዚያ በጎን በኩል ተበስታ ጠንካራ የብረት ካስማ ይገባባታል። ካስማው መቀበያዋንም የቱቦውንም ጠርዝ ስለሚይዝ መዞርም መሸሽም አትችልም። የመግጠሚያው ልክ የሚለካው በሚሊ ሜትር መቶኛ ነው። የእኔ ቶርኖ አሮጌ ነው፤ በሚሊ ሜትር አሥረኛ ብታመን እግዜር ይመስገን እላለሁ። ደብረ ማርቆስም ሆነ ቡሬ፣ ፍኖተ ሰላምም ሆነ ሞጣ፣ እንደ እኔ ያለ ጋራዥ ሁሉ ይኸው ነው።

«እሺ፣ ብየደው» ይሉኛል ከዚያ። ብየዳ ከብሎን ይብሳል። የጠመንጃ ቱቦ ተራ ብረት አይደለም። በልክ ተሞቆ፣ በልክ ቀዝቅዞ ጥንካሬውን ያገኘ ብረት ነው። ማረሻ ሲሞረድና ሲነከር ያየ ገበሬ ይገባዋል። ማረሻውን ቀጥቃጩ እሳት ውስጥ ከትቶ፣ ቀጥቅጦ፣ ውኃ ውስጥ ይነክረዋል፤ ያኔ ይጠነክራል። ያንኑ ማረሻ እሳት ዳር ረስተኸው በራሱ ቢቀዘቅዝ ለስላሳ ይሆናል፣ ድንጋይ ሲያገኝ ይታጠፋል። ብየዳ ቱቦውን አንድ ቦታ ላይ ብቻ ያግላል። ያ ቦታ ወይ ይለሰልሳል ወይ እንደ ሸክላ ተሰባሪ ይሆናል። ቱቦውም ሊጣመም ይችላል። ከውጭ ሲታይ ግን ብየዳው ያምራል፣ ጠንካራ ይመስላል። የሚያስፈራኝ ይኼ ነው። ልል ብሎን በእጅ ነቅነቅ ሲደረግ ይታወቃል። ውስጡ የተሰነጠቀ ብየዳ ግን ምንም አይናገርም።

ይህን ስነግራቸው አንዳንዶቹ «አንተ ስለማትችል ነው፤ የሚችል አለ» ይሉኛል። እውነት ነው፣ የሚችል አለ። ግን የሚችሉትም ተሳስተዋል። አሜሪካኖች ኤምዋን የተባለውን የጦር ጠመንጃቸውን እ.ኤ.አ. በ1936 ሲቀበሉ ጋዙን የሚወስዱት ከአፈሙዙ ጫፍ ላይ ነበር። ትልቅ የመንግሥት ፋብሪካ ነው፣ መሐንዲስ ሞልቶታል። አልተመቻቸውም። ከጥቂት ዓመት በኋላ ቱቦውን ራሱን በስተው ሌላ ዓይነት መቀበያ አደረጉ። ሌላም አለ። ኤም 16 የተባለው ሌላው የአሜሪካኖች ጠመንጃ ቬትናም ሲገባ ወታደሮች እጅ ላይ ጥይት እየያዘ ቆመ፤ ሰው አለቀበት። ከምክንያቶቹ አንዱ የባሩዱ ዓይነት መለወጡ ነው። ጠመንጃው ያው ነው፣ ጥይቱም ከውጭ ሲታይ ያው ነው። የጋዙ ጠባይ ስለተለወጠ ብቻ ማሽኑ ከልኩ በላይ ፈጠነ፣ ቆሸሸ። እነዚያ ሰዎች መለኪያ ነበራቸው፣ ላቦራቶሪ ነበራቸው። እቤት የሚገጣጥም ሰው ቀዳዳው ቢሰፋ ጠመንጃው በየምቱ ራሱን እንደሚቀጠቅጥ፣ ቢጠብ እንደማያጎርስ የሚያውቀው ተኩሶ ነው። ተኩሶ ማለት ደግሞ በፊቱና በእጁ ለክቶ ማለት ነው።

ፋብሪካ በፊትና በእጅ አይለካም። በብዙ የአውሮፓ አገሮች ጠመንጃ ለገዢ ከመድረሱ በፊት ከተለመደው 25 በመቶ የሚበልጥ ግፊት በሚሰጥ የመፈተኛ ጥይት ይተኮሳል። ተኳሹ አጠገቡ አይቆምም። ካልተሰነጠቀ ማኅተም ይመታበታል። እቤት የተገጣጠመ ጠመንጃ ማኅተም የለውም። ፈታኙ ባለቤቱ ነው።

ስለ ጋዝ መቀበያ ይህን ያህል ያወራሁት ወጣቶቹ ይዘው የሚመጡት እሷን ስለሆነ ነው። ጋዙ መንገድ የሚስትበት ሌላም ቦታ አለ። ዋናው ከኋላ፣ መቆለፊያው ጋ ነው። ከአንድ ጠመንጃ የተወሰደ መቆለፊያ ሌላ ጠመንጃ ላይ ሲገባ የተስማማ ይመስላል። ግን ከጥይቱ ቂጥ ኋላ ፀጉር የምታክል ክፍተት ከበዛ ቀለሁ ወደ ኋላ ተለጥጦ ይበጠሳል። ያ 20 ኩንታል ያልነው ነገር ወደ ዓይን ይመጣል። ከእጅ ጉዳት ይልቅ የዓይን ጉዳት የሚያደርሰው ይኼኛው ነው።

የጥይት ቁጥር መመሳሰልም ሰው ያታልላል። 7.62 የሚባለው የቱቦው የውስጥ ስፋት በሚሊ ሜትር ብቻ ነው። የክላሹ ቀለህ 39 ሚሊ ሜትር ይረዝማል። ቀለሁ 51 የሚረዝምም አለ፣ 54 የሚረዝምም አለ። «7.62 ከሆነ ሁሉም አንድ ነው» የሚል ሰው ስሰማ ፀጉሬ ይቆማል።

ቱቦ ውስጥ የገባ ነገርስ? በክረምት ጭቃ ይገባል። ለዝናብ ተብሎ ጨርቅ ይወተፋል፣ ከዚያ ይረሳል። ደካማ ባሩድ ያለው ጥይት «ፍስስ» ብሎ እርሳሱ መሐል ላይ ሊቀርም ይችላል። ተከታዩ ጥይት ሲመጣ ቱቦው እንደ ሸንበቆ ሊሰነጠቅ ይችላል። ድምፁ ከተለመደው ያነሰ ተኩስ የሰማ ሰው ሁለተኛ መተኮስ የለበትም። የሰርጉ ዘመዳችን ሁለተኛው ተኩስ ላይ ድምፁ ቀንሶ እንደነበር ኋላ ላይ ነግሮኛል። ጋዙ ያኔውኑ ማፍሰስ ጀምሮ ነበር። ጭብጨባና እልልታ ውስጥ ማን ይሰማዋል?

ሕጉንም አልደብቃቸውም። ያለ ፈቃድ መሣሪያ መሥራትም፣ መያዝም፣ መጠገንም በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 የተከለከለ ነው። ይህ እኔንም ይመለከታል፣ እነሱንም። ግን እውነቱን ለመናገር ሕጉን ጠቅሼ ያስመለስኩት ሰው ጥቂት ነው። የሚመልሳቸው ሌላ ነገር ነው።

መሳቢያዬን እከፍትና ያችን ብረት አወጣለሁ። ከሣር ውስጥ ያነሳኋት ናት። እስከ ዛሬ አልጣልኳትም። እጃቸው ላይ አስቀምጣታለሁና «ቀዳዳዋን እይ» እላቸዋለሁ። ቀዳዳዋ ክብ ነው። ከግማሹ በአንድ በኩል ግን ብረቱ ተበልቶ እንደ ጨረቃ ቅርጽ ያለው ጥቁር ጠባሳ አለው። ብየዳ የያዘው ሰው ከቱቦው ቀዳዳ ጋር አላገጣጠማትም፤ ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ስቷል። ጋዙ መግቢያውን ግማሽ አግኝቶ፣ በቀረው ግማሽ በጠርዟ ሥር መንገድ ቆፍሯል። ብየዳው ደግሞ ሲገለበጥ የያዘው ቆዳውን ብቻ እንደሆነ ያስታውቃል። ሥሩን አልነካም።

ባለፈው የመጣው ልጅ ጣቱን ጠባሳው ላይ አድርጎ ብዙ ቆየ። ከዚያ «ጋሼ፣ ሰውየው አሁንም አለ?» አለኝ። አለ፣ አልኩት። ያርሳል። እርፍ የሚይዘው ግን በቀኝ እጁ ብቻ ነው።

ልጁ ያመጣውን ብረት በፎጣው መልሶ ጠቀለለ።